ኩሽኔታ ሻጮች ሆይ፣ ቁጥሩን እስከ መጨረሻው አንብቡልን

ሶማሌ ተራ ገብቶ ለሞተርሳይክል ሞተር የሚሆን ክፍት ኩሽኔታ፣ ማለትም በጎኑ ላስቲክም ሆነ ክዳን የሌለውን፣ መጠየቅ ምን ያህል እንደሚያታክት የቀመሰው ያውቀዋል። «6304 ሲ3፣ ክፍቱን» ብዬ ስጠይቅ፣ ባለሱቁ የመጨረሻዎቹን ቃላት ሳይሰማ ላስቲክ ያለውን 6304 አውርዶ ባንኮው ላይ ያስቀምጥልኛል። ክፍቱን ነው የፈለግሁት ስለው ደግሞ «ይኼ እኮ ይበልጣል፣ አቧራ አያስገባም» ይለኛል። ለመሆኑ ዘይት በሚረጭበት የተዘጋ ሞተር ውስጥ የትኛው አቧራ ነው የሚገባው?

ላስቲክ ያለው መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ከፋብሪካው ግሪስ ተሞልቶ የተዘጋ በመሆኑ የክረምት ጭቃና ውኃ ለሚያገኘው ጎማ ከእሱ የተሻለ የለም። በኮሎው (ፒስተኑ በሚያዞረው የሞተሩ ዘንግ) ግራና ቀኝ የሚቀመጠው ኩሽኔታ ግን የሚኖረው በሞተሩ ዘይት ነው፤ ዘይቱ በብዮቹ መካከል እያለፈ ያለሰልሳል፣ ሙቀቱን ይዞ ይወጣል፣ የብረት ብናኙንም ያጥባል። ላስቲኩ ይህን መተላለፊያ ይዘጋል። የተለመደው የናይትራይል ላስቲክ ደግሞ ለረጅም ጊዜ የሚችለው ሙቀት እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ጠንክሮ በሚሠራ ሞተር ውስጥ ይህን ማለፍ ብርቅ አይደለም። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንድ መካኒክ ከፈታው ሞተር ያወጣውን እንዲህ ያለ ኩሽኔታ አሳይቶኝ ነበር፤ የላስቲኩ ከንፈር ደርቆ በጥፍር ሲነካ ይፈረፈራል፣ ግሪሱ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ እንደ ጥቁር ውኃ ቀጥኗል፣ ቀለበቱ በእጅ ሲዞር ይንኳኳል።

ከላስቲኩ ይልቅ የሚያናድደኝ ግን የሲ3 ጉዳይ ነው። 6304 የሚለው ቁጥር የሚናገረው ልኩን ብቻ ነው፤ የውስጡ 20፣ የውጭው 52፣ ወርዱ 15 ሚሊሜትር መሆኑን። ሲ3 ደግሞ በብዮቹና በቀለበቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከመደበኛው ሰፋ ያለ መሆኑን ያመለክታል። የውስጠኛው ቀለበት በኮሎው ላይ በኃይል ሲገባና ሲሞቅ ስለሚሰፋ ክፍተቱ ይጠባል፤ ሲ3 በሚፈልግ ሞተር ላይ መደበኛውን ማስገባት ኩሽኔታውን ማነቅ ነው። ይህን ለባለሱቁ ሳስረዳ የማገኘው መልስ «ቁጥሩ አንድ ነው፣ ወንድሜ» የሚል ነው።

«ላስቲኩን ንቀለውና ግጠመው» የምትሉኝ አላችሁ። ሲ3 የሚል ከተጻፈበት ይሠራል፤ ላስቲኩ በሁለቱም በኩል በቀጭን ካቻቢቴ ይነሣል፣ ግሪሱ በነጭ ጋዝ ታጥቦ ይወጣል፣ ከደረቀ በኋላ ዘይት ይቀባል። «ዜድዜድ» የሚባለው የቆርቆሮ ክዳን ያለው ግን ሲነቀል ስለሚጣመምና ስባሪ ውስጥ ሊጥል ስለሚችል አልደፍረውም። በነገራችን ላይ፣ አንዳንድ ሞተሮች ከፋብሪካቸው በአንድ ጎን ብቻ የተሸፈነ ኩሽኔታ ይዘው ይወጣሉ፤ እዚያ ዘይቱ እንዳያልፍ የታሰበበት ስለሆነ በነበረው ዓይነት መተካት ነው እንጂ መንቀል አያስፈልግም።

ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብሎ የለጠፈ ነጋዴ ቢያንስ የሸጠውን ዕቃ ጽሑፍ ማንበብ አለበት። ሲ3 የሆነ ክፍት 6304 በዓይኑ ያየ ሰው ካለ ሱቁን ይጠቁመኝ፤ ጓዳ ገብቶ ላስቲኩን ነቅሎ «ይኸው ክፍት» የሚለኝን ግን አትላኩኝ፤ መንቀሉ እኔንም አላቃተኝም።