አዋሳኙን ጠይቀን ስሙን ያልጠየቅነው መሬት

በደቡብ ወሎ ቀበሌዎች የመሬት ይዞታ ሲመዘገብ ሽማግሌዎች ይጠራሉ። ቀድሞ በተሰጠው የይዞታ ደብተር ወሰን የሚታወቀው በአዋሳኝ ስም ስለነበር፣ «በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ ወንዙ» ብሎ የሚመሰክር ሰው ያስፈልግ ነበር። አሁን ያንን ምስክርነት ካርታና መለያ ቁጥር እየተኩት ነው። ክርክርን ለመቀነስ ይበጃል፤ እኔን የሚቆጨኝ ግን ሽማግሌው ወሰኑን ካሳዩ በኋላ ማሳው፣ ምንጩና ጉብታው ምን ተብለው እንደሚጠሩ፣ ለምንስ እንደዚያ እንደተባሉ የሚጠይቃቸው አለመኖሩ ነው።

ኮምቦልቻ በኦሮምኛ የቁጥቋጦ ስም ነው፤ በአማርኛ አጠጥ የምንለው። ዛሬ በፋብሪካዎቿ የምትታወቀው ከተማ፣ አገሩን ማን በምን ቋንቋ ይጠራው እንደነበር በስሟ ይዛ ቀርታለች። ከቦርከና ወንዝ ዳር እስከ ጦሳ ተራራ ወገብ ያሉት ትንንሽ ስሞች ግን አብዛኞቹ በአዛውንት አፍ ብቻ ያሉ ናቸው። አርጎብኛ ተናጋሪው በሳሳባቸው መንደሮችማ የቦታው ስም የቋንቋው የመጨረሻ ምስክር ሊሆን ይችላል።

የቃል ታሪክ ማስረጃ አይሆንም የሚል ካለ የካናዳውን ክርክር ያስታውስ። የጊትክሳንና የዌትሱዌተን ሕዝቦች በአባቶቻቸው ምድር ላይ ያላቸውን መብት ለማስከበር ሲሟገቱ፣ አንዲት አዛውንት የወገናቸውን ታሪክ የያዘ ዜማ በችሎት አዜሙ፤ ዳኛው ግን ጆሮዬ ዜማ አይለይም ብለው አጣጣሉት፤ እ.ኤ.አ. በ1991 የመሬት ጥያቄውን አልተቀበሉትም። በ1997 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለቃል ታሪክ ተገቢው ክብደት እንዲሰጠው ወስኖ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ አዘዘ። የወሎ ሰው ይህን ሲሰማ መንዙማን ማሰቡ አይቀርም፤ ዳናንና ጀማ ንጉሥን የመሳሰሉ የመሻይኾች፣ ማለትም የእስልምና ሊቃውንት፣ ስፍራዎች ታሪክ ከወረቀት ይልቅ በዜማና ሰው ለዱዓ በሚሰበሰብበት በሐድራ ጨዋታ ተጠብቆ ኖሯልና።

ስለዚህ ለካዮች በሚወጡበት ቀን የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስልኩን ይዞ አብሮ ቢወጣ፣ ነጋሪው ቦታው ላይ ቆመው ሲናገሩ ቢቀዳና ድምፁ ከካርታው ነጥብ ጋር ቢያያዝ ወጪው ብዙ አይሆንም። የሚያሰጋው ሌላ ነው። እዚህ አገር አንድ ጉብታ በአማርኛም በኦሮምኛም ስም ሊኖረው ስለሚችል፣ አንዱን ጽፎ ሌላውን መተው ያልነበረ ጠብ ይወልዳል፤ ሁለቱም ይጻፉ። የቀረጻው ቅጂ ቀበሌው ዘንድ ይቀመጥ፤ የአድባሩ ዛፍና የመቃብሩ ስፍራ ለሁሉም ይታይ ወይስ አይታይ የሚለውን ደግሞ ቀጂው ሳይሆን ነጋሪዎቹ ይወስኑ።