መያዣው የት ሄደ?

ጅማ ከገባሁ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ጀርመን፣ ሀኖቨር ከተማ መኖር ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆኖኛል፤ አገር ቤት በመጣሁ ቁጥር መጀመሪያ የምሄደው አዌቱ ድልድይ ነው። ልጆች ሆነን እናቶቻችን ልብስ ሲያጥቡ እኛ እግራችንን የምንነክርበት ወንዝ ነበር። ዘንድሮ ድልድዩ ላይ ቆሜ ቁልቁል ሳይ ከውሃው በፊት ዓይኔ ውስጥ የገባው ፌስታል ነው። ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ። ቁጥቋጦው ሥር የሃይላንድ ጠርሙሶች ተከምረዋል፣ ደለሉ ላይ አንድ ነጠላ ጫማና የሕፃን ዳይፐር ተጣብቋል። ውሃው ወርዶ ወርዶ ወደ ቦዬ ረግረግ ነው የሚሄደው።

ሰፈር ውስጥ ይህን ሳነሳ የሚመለስልኝ መልስ አንድ ነው፦ «የቆሻሻ መኪናው አይበቃም፣ መጣያ ቦታም የለም።» እውነት ነው። ግን ነገሩን ከጭራው እየያዝነው ይመስለኛል። የት እንጣለው ከማለታችን በፊት ለምን ይህን ሁሉ እናመጣዋለን ብለን መጠየቅ ነበረብን።

የምኖርበት አገር ይህን ጥያቄ ሕግ አድርጎታል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የቆሻሻ ሕግ ቅደም ተከተል አስቀምጧል፦ ከሁሉ በፊት ቆሻሻው እንዳይፈጠር ማድረግ፣ ከዚያ ዕቃውን መልሶ መጠቀም፣ ቀጥሎ ወደ ሌላ ዕቃ መቀየር፣ ቀጥሎ ከማቃጠልም ቢሆን ኃይል ማግኘት፣ መቅበር ደግሞ ሌላው ሁሉ ሲያልቅ። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የቤት ቆሻሻን እንዳለ መቅበር ከልክላለች።

ወረቀት ላይ ያለው ሕግ ኑሮ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ቅዳሜ ጠዋት ባዶ ጠርሙሶቼን በከረጢት ይዤ ሱፐርማርኬት እሄዳለሁ። በር ላይ ማሽን አለ። አንድ በአንድ አስገባለታለሁ፣ ቆጥሮ ወረቀት ይሰጠኛል፣ ወረቀቱን ካሸሯ ጋ ሰጥቼ ከሒሳቤ ላይ ይቀነስልኛል። አንድ ጊዜ ተጠጥቶ የሚጣል የፕላስቲክ ጠርሙስ ወይም ጣሳ ስገዛው 25 የዩሮ ሳንቲም ተይዞበታል። ታጥቦ እንደገና የሚሞላው የቢራ ጠርሙስ ግን 8 ሳንቲም ብቻ ነው፤ አንዱ የመስታወት ጠርሙስ እስከ 50 ጊዜ ሊሞላ ይችላል። መንገድ ላይ የወደቀ ጠርሙስ ብዙም አታዩም፤ ቢወድቅም የሚለቅመው ሰው አለ። ሰዉም ይህን ስለሚያውቅ ጠርሙሱን ቅርጫት ውስጥ አይጥለውም፣ ለቃሚው እጁን ቆሻሻ ውስጥ እንዳይከት ብሎ ከጎኑ አቁሞለት ይሄዳል። ይህን ባየሁ ቁጥር ልቤ ይነካል።

ይህን ገንዘብ «ፕፋንት» ይሉታል። በእኛ ቋንቋ መያዣ ማለት ነው። መጀመሪያ ሲነግሩኝ አዲስ ነገር አልሆነብኝም፤ እማዬ ሚሪንዳ ስትልከኝ ባዶ ጠርሙስ አስይዛ ነበር የምትልከኝ። ረስቼው ከሄድኩ ባለሱቁ «ጠርሙሱስ?» ይለኛል። ከሌለኝ መያዣ አስከፍሎኝ ነው የሚሰጠኝ። እንግዳ ሲመጣ ሳጥን ሙሉ ይገባል፣ ሳጥን ሙሉ ባዶ ይመለሳል። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2003 ለሚጣሉት ጠርሙሶች በሕግ ያመጣችውን ነገር የሰፈራችን ባለሱቅ ያለ ማሽን ሲሠራበት ኖሯል። አሁን እዚያው ሱቅ ውስጥ የመስታወቱን ቦታ ፕላስቲክ ወስዶታል፤ ፕላስቲኩ ደግሞ መያዣ የለውም። መያዣ የሌለው ነገር አዌቱ ነው መጨረሻው።

ቁራሌውንም ማንሳት አለብኝ። ባለፈው ማክሰኞ «ቁራሌው!» እያለ በራችን አለፈ። ጀርባው ላይ ማዳበሪያ፣ እጁ ላይ የተጣመመ ድስት። እማዬ ጠራችው።

«ና እስቲ የኔ ልጅ፣ ሃይላንድ ትወስዳለህ?»

«እወስዳለሁ እማማ። ክዳኑ ካለው ይሻላል።»

ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አየ፣ ዘይት የነበረበትን ለየ፣ የቀሩትን በጉልበቱ ጨፍልቆ ከተተ። ይህ ልጅ ደመወዝ የለው፣ ጓንት የለው፤ የከተማውን ሸክም ግን ያቀላል። ሀኖቨር ውስጥ በብዙ ሚሊዮን ዩሮ የሚሠራው መለየት የሚባለው ሥራ እኮ ይኸው ነው። ከተማው መታወቂያ፣ ጓንትና ማከማቻ ቦታ ቢሰጠው ከሚጣለው ነገር ብዙው ገንዳ ሳይደርስ ይቀር ነበር።

ፈረንጅ ሁሉን አሟልቷል እያልኩ አይደለም። ጀርመን ውስጥ በነፍስ ወከፍ በዓመት ወደ 600 ኪሎ የቤትና የሱቅ ቆሻሻ ይወጣል፤ የእናቴ ቤት የዚያን ሲሶም አያወጣም። እዚያ አንድ ኪያር በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ይሸጣል። ከዚያ ፕላስቲክ ከፊሉ ወደ ቱርክና ማሌዥያ ተጭኖ ሄዷል። መጀመሪያ አለማምጣት በሚለው እነሱም ገና ናቸው፣ እዚህ ላይ ከእናቶቻችን ቢማሩ ይጠቅማቸዋል።

መጣል ብቻ የት እንደሚያደርስ አይተናል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቆሼ ላይ ከ50 ዓመት በላይ የተከመረው ቆሻሻ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሞተ። ያን ቀን ሀኖቨር ሆኜ ስልኬን ይዤ አለቀስኩ። ጅማ ያንን እንድትጠብቅ አልፈልግም። ከከተሞቻችን ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚበሰብስ ነው፤ የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ። ክምር ሥር ሲታፈን ሚቴን የተባለውን ጋዝ ያወጣል፣ ጓሮ ሲበሰብስ ግን ማዳበሪያ ነው። የቡና አገር ደግሞ ነን፤ ቡና በሚታጠብበት ወቅት ገለፈቱና ፍሳሹ ወንዝ ውስጥ ሲለቀቅ ዓሣውም ውሃውም ይጎዳል፣ ያው ገለፈት ግን ብስባሽ ይሆናል፣ እንጉዳይም ይበቅልበታል።

ሕጉ አለ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ከ0.03 ሚሊሜትር ያልበለጠ ስስ ፌስታልን ከልክሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ ደግሞ ፌስታልን ጭራሹን ይከለክላል። ስሱ ፌስታል ግን እነዚያን ዓመታት ሁሉ ገበያ ላይ ነበር። ስለዚህ የአሁኑ የሚጸናው ባለሱቁ በምትኩ የሚሰጠው ነገር ሲኖረውና ሸማቹ ከቤቱ ይዞ ሲወጣ ይመስለኛል።

ሐሙስ ከእማዬ ጋር ሂርማታ ገበያ ወረድን። ሽንኩርት የምትሸጠዋ ልጅ ፌስታል ስታነሳ እማዬ እጇን ያዘቻት፦ «ተይው ልጄ፣ ዘንቢል አለኝ።» ቅቤውን አንዲት ባልቴት በኮባ ጠቅልላ በቃጫ አሰረችልን። ቤት ስንገባ እማዬ ቅቤውን ገለበጠች፣ ቃጫውን ጠቅልላ ግድግዳው ላይ ሰካችው፣ ኮባውን ጓሮ እንሰቱ ሥር ጣለችው።