ቱርቦውን ከመፍራታችን በፊት ዘይቱን እንጠይቅ

ታናሽ እህቴ ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ሆንዳ ሲአርቪ አይታ መጣች። ሁለቱም ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ ናቸው። አንዱ እ.ኤ.አ. የ2016 ስሪት ነው፤ ሞተሩ 2.4 ሊትር፣ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው። ሌላው የ2017 ነው፤ 1.5 ሊትር፣ ባለ ቱርቦ። ሦስት ልጆች አሏት። በየበዓሉ የባለቤቷን ቤተሰቦች ለመጠየቅ ደብረ ሲና ይወርዳሉ። ደላላው "እህቴ፣ ቱርቦ እንዳትነኪ" ብሏታል። የሰፈሯ መካኒክም ያንኑ ነው የደገመላት። "አንተስ ምን ትላለህ?" አለችኝ።

እኔ በዚህ ነገር ከብዙ ሰው ጋር አልስማማም። አዲስ አበባ ለሚኖር ቤተሰብ ቱርቦ ቅንጦት አይደለም። ከተማችን ያለችበት ከፍታ ራሱ ቱርቦ ይፈልጋል። ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ መሠረትም አለው። ግን የምንፈራው ትክክለኛውን ነገር አይመስለኝም።

ሞተር ቤንዚን የሚያቃጥለው ከአየር ጋር ቀላቅሎ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር አየሩን ራሱ ይስባል፤ በአካባቢው ያለውን ያህል ብቻ ያገኛል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,355 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ነው ያለችው። እዚህ የአየሩ ግፊት ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል፤ ከአምስት አንዱን፣ አንዳንዴም ከአራት አንዱን ያጣል። መኪናው አልተበላሸም። የሚተነፍሰው አጥቶ ነው።

ቱርቦ ያለው ሞተር ግን የጭሱን ግፊት ይጠቀምበታል። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ አንድ ትንሽ መዘውር ያዞራል። ያ መዘውር በሌላ ጎኑ አየር ጨምቆ ወደ ሲሊንደሩ ይልካል። ከፍታ ላይ አየሩ ሲሳሳ ቱርቦው ይበልጥ ፈጥኖ ይሽከረከርና ጉድለቱን በአብዛኛው ይሸፍናል።

አሁን ወደ እህቴ ሁለት መኪኖች እንመለስ። ወረቀት ላይ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። 2.4ቱ 185 የፈረስ ጉልበት፣ 1.5ቱ 190። የመጎተት ኃይላቸውም 245 እና 243 ኒውተን ሜትር ነው። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው፦ ትልቁ ሞተር ያንን ኃይል የሚያገኘው በደቂቃ 3,900 ጊዜ ሲዞር ነው፤ ትንሹ ገና 2,000 ላይ ያገኘዋል። ይህም በባሕር ወለል ላይ ነው። መገናኛ ላይ 2.4ቱ ከ140 ብዙም የማይበልጥ የፈረስ ጉልበት ይቀረዋል። ቱርቦው የሚያጣው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው።

ደግሞ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር መውጣት አለ። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ቱርቦ የሌለው ሞተር ሲሶ የሚጠጋ ጉልበቱን ያጣል። አምስት ሰው ተሳፍሮ፣ የኋላው ዕቃ መጫኛ በጎመንና በቅቤ ተሞልቶ፣ ፊት ለፊት ጭነት የያዘ ኢሱዙ እየተንፏቀቀ ነው። ለመቅደም ትወጣለህ። ነዳጁን እስከ ወለሉ ትረግጣለህ። ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን አይሄድም። ከላይ ሌላ መኪና ብቅ ይላል። በዚያች ቅጽበት ልጆች ከኋላ የያዘ ሰው የሞተር ጉልበት የጎረምሳ ጉራ እንዳልሆነ ይገባዋል። እኔ ቱርቦን የምደግፈው በዋናነት ለዚህ ነው።

ስለ ነዳጅ ብዙ አልልም። በአሜሪካ መንግሥት መለኪያ በአራቱም ጎማ በሚነዱት ላይ ልዩነቱ በ100 ኪሎ ሜትር ግማሽ ሊትር ገደማ ነው፤ ቱርቦው ይቆጥባል። እግሩ ለሚከብድ ሰው ያም ይጠፋል። በዚህ ብቻ መኪና አይመረጥም።

እንግዲህ ወደ ፍርሃቱ። የቱርቦው ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ይዞራል። ይህን ሁሉ ሲዞር ከብረቱ የሚለየው በጣም ስስ የሆነ የዘይት ሽፋን ነው። ከጎኑ የሚያልፈው የቤንዚን ጭስ ደግሞ 900 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ብዙዎቹ መካኒኮቻችን ቱርቦ የለመዱት በኢሱዙና በናፍጣ መኪኖች ነው። የናፍጣ ጭስ ከቤንዚኑ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በናፍጣው የተለመደውን ቸልታ የቤንዚን ቱርቦ አይሸከምም። ያረጀ ዘይት በሙቀቱ ተቃጥሎ ጥቁር ቅርፊት ይሆናል፤ ቀጭኑን የዘይት ቱቦ ይዘጋል። ዘንጉ በደረቁ ይዞርና ያልቃል።

ይህን ያወቅሁት ከፍዬበት ነው። ከዓመታት በፊት 1.6 ባለ ቱርቦ ገዛሁ። ሻጩ "ዘይቱ አሁን ነው የተቀየረው" አለኝ፤ እኔም አመንኩ። በሁለተኛው ወር ጠዋት ሳስነሳው ሰማያዊ ጭስ ግቢውን ሞላው፤ ቱርቦው አልቆ ዘይት እያሳለፈ ነበር። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ቱርቦ ገዝቼ አስገጠምኩ። ዓመት ሳይሞላ እሱም ሞተ። በኋላ አንድ ጎበዝ ባለሙያ የዘይት ቱቦውን ፈቶ አሳየኝ። በጥቁር ቅርፊት ተደፍኗል። ጋራዡ ቱርቦውን ሲቀይር ቱቦውን አልነካውም ነበር። ቱርቦ የሚያስቀይር ሰው ቱቦው እንዲቀየር ቆሞ ያስፈጽም። ይህን ስል ከልቤ ነው።

የሲአርቪው 1.5 ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2018 ቻይና ውስጥና በአሜሪካ ቀዝቃዛ ግዛቶች ቤንዚን ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል የሚል ቅሬታ በዛ። ሆንዳ አሜሪካ ውስጥ ዋስትናውን እስከ ማራዘም ደርሷል። ምክንያቱ ቀላል ነው። አጭር መንገድ የሚሄድ ሞተር በደንብ አይሞቅም። ያልተቃጠለ ቤንዚን በፒስተኑ ዳር ሾልኮ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። አዲስ አበባ በረዶ የለም። ግን በሐምሌ ጠዋት ልጆችን ሦስት ኪሎ ሜትር ትምህርት ቤት አድርሶ የሚመለስ መኪና ያው ችግር ሊገጥመው ይችላል።

ቱርቦ የሌለው ሁሉ ደግሞ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ማዝዳ እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ 262,000 ያህል መኪኖችን ለጥገና ጠርቷል። ቱርቦ አልነበራቸውም። ችግሩ ነዳጅ ለመቆጠብ ሁለት ሲሊንደር የሚያጠፋው ሶፍትዌር ነበር።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የቤንዚን አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሏል። ስለዚህ ኤሌክትሪክ የማይገዛ ቤተሰብ የሚገዛው ሌላ ሰው የነዳውን መኪና ነው። ለእኔ ትልቁ ጉዳይ ይህ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የቀድሞ ባለቤቱን ስንፍና ለረጅም ጊዜ ይችላል። ቱርቦው አይችልም። ስለዚህ ሻጩን መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን ስለ ሞተሩ ሳይሆን ስለ ዘይቱ ነው። በስንት ኪሎ ሜትር ነበር የሚቀየረው? ደረሰኝ አለ? ለእኛ መንገድና አቧራ 10,000 ብዙ ነው፤ እኔ በ5,000 ነው የምቀይረው። የዘይቱ ጣሳ ላይ "ኤፒአይ ኤስፒ" (API SP) የሚል ምልክት ይፈለግ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ደረጃ ነው። በትናንሽ ባለ ቱርቦ ሞተሮች ውስጥ ነዳጁ ያለ ጊዜው ፈንድቶ ፒስተን እንዳይሰብር ታስቦ የተዘጋጀ ነው። መኪናው ደግሞ ሳይሞቅ ይታይ። ሻጩ ቀድሞ አሙቆ ከጠበቀ በሌላ ቀን ጠዋት መመለስ ነው።

እሑድ ጠዋት ከእህቴ ጋር 1.5ቱን ለማየት ሄድን። ልቤ እሱ ላይ ነበር። ባለቤቱ ትሑት ሰው ናቸው፤ አልዋሹንም። "ዘይት የምቀይረው ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ሲበራ ነው" አሉ። ደረሰኝ የለም። የዘይት መለኪያውን መዝዤ አየሁት። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፏል። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት፤ ቤንዚን ቤንዚን ይላል።

2.4ቱን ግዢ አልኳት። የእሱ ባለቤት የዘይት ደረሰኞቹን በአንድ ፖስታ አስቀምጠው ነበር። ለጥምቀት ደብረ ሲና ይወርዳሉ። ሲመለሱ ዳገቱ ላይ ኤሲውን እንድታጠፋ፣ ኢሱዙ ለመቅደምም እንዳትቸኩል ነግሬያታለሁ።