«ይህ የክፍያ መጠየቂያ አይደለም» ለሚለው ፖስታ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ ክቡር «ይህ የክፍያ መጠየቂያ አይደለም»
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ማንነትዎን እንዲያሳውቁን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

በዚህ ወር ብቻ ስድስት ጊዜ ቤቴ ድረስ መጥተዋል። እናቴ እንኳ ስድስት ጊዜ አልደወለችልኝም። ሁልጊዜ ያንኑ ባለ መስኮት ነጭ ልብስዎን ለብሰው፣ ስሜን በመስኮቱ ብቅ አድርገው፣ በፒዛ ማስታወቂያና በምርጫ ቅስቀሳ ወረቀት መካከል ተደላድለው አገኝዎታለሁ። ስከፍትዎ ከአናትዎ ላይ በደማቁ የታተመችው ዓረፍተ ነገር ትቀበለኛለች፦ «ይህ የክፍያ መጠየቂያ አይደለም።»

እሺ፣ አይደሉም። ታዲያ ምንድን ነዎት? ሰው ሲተዋወቅ ማን እንደሆነ ይናገራል እንጂ ማን እንዳልሆነ አይናገርም። ማታ በር አንኳኩቶ «እኔ ሌባ አይደለሁም» የሚል እንግዳ ቢመጣ መጀመሪያ የምናደርገው ከደጅ ያሉትን ጫማዎች ማስገባት ነው።

ደግነቱ ሰምና ወርቅ ስንፈታ ያደግን ሰዎች ነን። ሰምዎ «አትከፍልም» ይላል። ወርቅዎ «ገና ነው» ይላል። በዚህ ችሎታዎ ጎጃም ተወልደው ቢሆን ኖሮ የቅኔ መምህር ይሆኑ ነበር፤ አሜሪካ ተወልደው የኢንሹራንስ ኩባንያ ተላላኪ ሆነው ቀሩ።

ትውውቃችን የቅርብ ነው። ዓመቱ በገባ በዘጠነኛው ቀን በረዶ አንሸራትቶኝ በግራ እጄ አንጓ ላይ ወደቅሁ። ድንገተኛ ክፍል ሦስት ሰዓት ተኩል ቆየሁ፤ ሐኪም ያነጋገረኝ ስምንት ደቂቃ ያህል ነው። ራጅ ተነሣሁ፣ ወለምታ ነው ተባልኩ፣ እጄን በማሰሪያ አስረው ሸኙኝ። ከዚያ እርስዎ መጡ። መጀመሪያ ስለ ክፍሉ መጡ። ቀጥለው ስለ ሐኪሙ መጡ። ለሦስተኛ ጊዜ የመጡት ራጄን አይቶ እኔን ስላላየኝ ሌላ ሐኪም ነው። አራተኛው ስለ ማሰሪያው፤ አምስተኛው የመጀመሪያውን ለማረም፤ ስድስተኛው አምስተኛውን ለማረም። እርስዎ ተመላልሰው ሳይጨርሱ ወለምታው ድኖ አደረ።

በነገራችን ላይ እንዲህ ያለ የማይታይ ሐኪም ከኔትወርክ (ኢንሹራንሱ ከተዋዋላቸው ሐኪሞች ዝርዝር) ውጭ ሆኖ ሲገኝ ሙሉውን ዋጋ ከበሽተኛ መጠየቁ የቀረው ገና በ2022 መጀመሪያ ሥራ ላይ በዋለ ሕግ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በዚህ አገር አቆጣጠር ይያዙልኝ።) ሕጉ በአየር የሚበርረውን አምቡላንስ ሲያካትት በመንገድ የሚሄደውን ትቶታል። ስለዚህ እግርዎ ከተሰበረ መብረር ይመከራል።

የመጀመሪያውን ደብዳቤዎን የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ፣ መነጽሬን አድርጌ እንደ ዳዊት ደገምኩት። ሆስፒታሉ የጠየቀው 4,300 ዶላር። «የአባልነት ቅናሽ» 2,650 ዶላር። ኩባንያው የከፈለው 0.00። (ሳንቲም እንዳታመልጥ ከነጥቡ በኋላም ሁለት ዜሮ አስቀምጠዋል፤ ለጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ።) በመጨረሻው ሣጥን ውስጥ «ሊከፍሉ የሚችሉት» 1,650 ዶላር። ይህች «ሊከፍሉ የሚችሉት» የምትል አነጋገር እንዴት ደስ ትላለች! ችሎታዬን ባንኬ እንኳ እንዲህ አምኖበት አያውቅም። ደግሞስ 2,650 ዶላር የሚቀነስለት ዋጋ መጀመሪያውኑ ዋጋ ነበር ወይ? ገበያ ላይ እንዲህ የሚቀንስ ነጋዴ ቢገጥመኝ ዕቃው የተሰረቀ ነው ብዬ እሸሻለሁ።

ኩባንያው ዜሮ የከፈለው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ተራዬን ስላልጨረስኩ ነው። በየወሩ ከደመወዜ ዓረቦን ይቆረጣል፤ ያ ለመግቢያ ነው። ከዚያ በዓመቱ ውስጥ 3,000 ዶላር ከራሴ ኪስ እስኪወጣ ድረስ ኩባንያው እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል፤ ዲዳክቲብል ይሉታል። ከዚያም ወዲያ ቢሆን ገና እንካፈላለን። ዓመቱ ሲለወጥ ቆጠራው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ለካ የወደቅሁት በመጥፎ ቀን ኖሯል፤ ሰው ሊያንሸራትተው ሲል የቀን መቁጠሪያ ማየት ነበረበት። አያቴ «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ስትል ስለ ጋብቻ የምታወራ ይመስለኝ ነበር።

ግራ ሲገባኝ ከጀርባዎ ወደ ታተመው ቁጥር ደወልኩ። አርባ ሰባት ደቂቃ ፒያኖ አዳመጥኩ። በየሁለት ደቂቃው አንዲት ሴት ፒያኖውን አቋርጣ ጥሪዬ እጅግ አስፈላጊ መሆኑን ትነግረኛለች፤ ሰው የመጣልኝ እየመሰለኝ ሃያ ጊዜ ያህል ጉሮሮዬን ጠረግሁ። በመጨረሻ ያነሣችው ልጅ ትሑት ነበረች፤ ሆስፒታሉን እንድጠይቅ መከረችኝ። ሆስፒታሉ ደግሞ ኢንሹራንሴን እንድጠይቅ መከረኝ። ከሐና ወደ ቀያፋ የሚባለው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ እነ ሐና ፒያኖ አልነበራቸውም።

በልጅቷ አልፈርድም። እሷ ከወዲህ፣ የሆስፒታሉ ሂሳብ ሠራተኛ ከወዲያ ተቀምጠው ቀኑን ሙሉ ኮድ ይለዋወጣሉ። አንዱ ይልካል፣ ሌላዋ ትመልሳለች፤ አንዱ ያርማል፣ ሌላዋ ቅድመ ፈቃድ የለውም ትላለች። እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱ ቅጽ፣ የራሱ ዝርዝር፣ የራሱ እምቢታ ስላለው ሆስፒታሉ ይህን ሁሉ የሚያነብ ሠራዊት ማቆም ግድ ይለዋል። በ2003 በአንድ የታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ በ1999 አሜሪካ ለጤና ካወጣችው ገንዘብ 31 ከመቶው ለአስተዳደር መዋሉን፣ በካናዳ ግን 16.7 ከመቶ መሆኑን አስልቶ ነበር። የሀገሪቱ የጤና ወጪ በ2023 ወደ 4.9 ትሪሊዮን ዶላር ደርሷል። በዚህ ገንዘብ ውስጥ የእርስዎ ቴምብር የት ጋ እንዳለ ባውቅ ደስ ባለኝ።

እዚህ ላይ አንድ ወሬ ሹክ ልበልዎ። እርስዎን ጡረታ የሚያወጣ ሐሳብ ሲዞር ሰንብቷል፤ «አንድ ከፋይ» ይሉታል። ሐኪሙ የግሉን ይሠራል፣ ሆስፒታሉም ባለበት ይቀጥላል፤ ሂሳቡን የሚከፍለው ግን አንድ የሕዝብ ካዝና ነው፤ ካዝናውን ሁሉም በግብር ይሞላዋል። ለእኛ ሰው ለማስረዳት እድር ማለት ይበቃል። የእድር ዳኛ ለቀስተኛ ፊት ቆሞ «ሟች ያረፉት በኔትወርካችን ውስጥ ባለ ሐኪም እጅ ነው?» ብሎ አይጠይቅም። ድንኳኑን ይተክላል።

አዲስ ነገር እንዳይመስልዎ። ፕሬዚዳንት ትሩማን በ1945 ብሔራዊ የጤና ዋስትና እንዲቋቋም ኮንግረሱን ጠየቁ፤ የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር «ሶሻሊዝም መጣባችሁ» ብሎ አስደነገጠበት። ቆይቶ ለአረጋውያን ብቻ ይሁን ሲባል ደግሞ ያው ማኅበር በ1961 ሮናልድ ሬጋን የተባለውን የፊልም ተዋናይ ሸክላ አስቀረጸ። የሐኪሞቹ ሚስቶች ጎረቤቶቻቸውን ቡና ይጠራሉ፤ ሸክላው ይዞራል፤ እንግዶቹ ሐሳቡን የሚቃወም ደብዳቤ ለእንደራሴዎቻቸው ይጽፋሉ። እኛ ቡና ላይ ጎረቤት እናማለን፤ እነሱ የሕግ ረቂቅ ያሙ ነበር። ያም ሆኖ ፕሬዚዳንት ጆንሰን በ1965 ያንን የአረጋውያን የጤና ዋስትና፣ ሜዲኬርን፣ ፈርመው የመጀመሪያውን ካርድ ለትሩማን ሰጡ። ዛሬ ያንን ካርድ ልንካ የሚል ሰው ቢመጣ አረጋውያኑ በከዘራ ነው የሚጠብቁት። ከእኔ የሚፈለገው 65 ዓመት እስኪሞላኝ ጤነኛ ሆኜ መቆየት ብቻ ነው፤ ጤነኛ ሆኖ ለመቆየት ግን ኢንሹራንስ ያስፈልጋል።

በጣም የሚያስቀኝ የ2009ኙ ነው። ሀገር ሙሉ ስለ ጤና ማሻሻያ ሲከራከር የሴኔቱ የፋይናንስ ኮሚቴ ባለሙያዎችን ጠርቶ አወያየ። ሰብሳቢው ማክስ ባውከስ ነበሩ። ከተጠሩት መካከል የአንድ ከፋይ ደጋፊ አንድም አልነበረም። ከአድማጮቹ ወንበር ተራ በተራ እየተነሡ «እኛስ ለምን አልተጠራንም?» ያሉ 8 ሰዎች በፖሊስ ተይዘው ወጡ፤ ሐኪሞችም ነበሩባቸው። ስለ ሕክምና ለመነጋገር በተጠራ ስብሰባ ላይ ሐኪም በካቴና! ባውከስ ከሹመት ከወረዱ በኋላ፣ በ2017፣ አንድ ከፋይን ማየት መጀመር አለብን አሉ። ከሥልጣን መውረድ ለጆሮ እንዲህ የሚስማማ ከሆነ የመድኃኒት ዝርዝር ውስጥ መግባት ነበረበት።

በ2010 የጸደቀው የጤና ማሻሻያ ሕግ (ኦባማኬር የሚሉት) ብዙ ሰው ጠቅሟል፤ አልክደውም። ድሮ የያዘህ ሕመም አለ እያሉ በር መዝጋት ቀርቷል። እርስዎን ግን አልነካዎትም። ኩባንያዎቹ ከዓረቦኑ ቢያንስ 80፣ ለትላልቅ አሠሪዎች ሲሆን 85 ከመቶውን ለሕክምና ያውሉ አለና የቀረውን ለራሳቸው ተወላቸው። እንዲያም ሆኖ በ2023 ወደ 26 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ምንም ዋስትና አልነበረውም። እነሱ ቤት እርስዎ አይሄዱም። እነሱ ቤት የሚሄደው ዋናው መጠየቂያ ራሱ ነው፣ ያለ ቅኔ።

አንድ ከፋይን የተቃወመ ሁሉ ውሸታም ነው አልልም። ቬርሞንት የምትባለው ግዛት በ2011 የአንድ ከፋይ ሕግ አወጣች፤ በ2014 መጨረሻ አገረ ገዢው ሂሳቡ ሲሠራላቸው ከአሠሪዎች የደመወዝ ወጪ ላይ 11.5 ከመቶ ግብር የሚጠይቅ ሆኖ አገኙትና አጥፈው አስቀመጡት። ግብር ይጨምራል የሚሉት እውነታቸውን ነው። እኔም ሚዛን ላይ ይውጣ ባይ ነኝ፤ ብቻ በወዲያኛው ሳህን ላይ ዓረቦኔን፣ 3,000 ዶላሬንና አርባ ሰባቱን ደቂቃ ያስቀምጡልኝ። አንድ ከፋይ ያላት ካናዳም ቢሆን ገነት አይደለችም። ሳስካቸዋን በምትባለው ክፍለ ሀገሯ ነገሩ በ1962 ሲጀመር ሐኪሞቹ 23 ቀን ሥራ አቁመዋል። ዛሬም ካናዳዊው ወረፋው ረዘመ፣ ጥርሴንና መድኃኒቴን ረሱብኝ እያለ ያማርራል። ስለ እርስዎ ግን ሲያማርር ሰምቼ አላውቅም። አያውቅዎትማ!

ሐቀኛ ለመሆን ያህል፣ ሜዲኬር ካርድ ያላቸው ጎረቤቴ እርስዎን የመሰለ ወረቀት መሳቢያቸው ውስጥ አሳይተውኛል፤ እሱም «መጠየቂያ አይደለም» ይላል። የአክስትዎ ልጅ መሆን አለበት። ዘር ከልጓም ይስባል። የእሳቸው ግን ከአንድ ቤት የመጣ ነው፤ እኔ ዘንድ ስድስት ሆነው የመጡት እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም።

ስለዚህ ከላይ በተጠቀሰው ጉዳይ ላይ ምን እንደሆኑ፣ ምን እንዳልሆኑ ሳይሆን፣ በጽሑፍ እንዲገልጹልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። መልሱን በፖስታ ባይልኩት እመርጣለሁ።

ከሠላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለወጥ ቤቱ መሳቢያ (ሞልቶ አልዘጋ ስላለ፣ ለመረጃ ያህል)
ለግራ እጄ አንጓ

ተጨማሪ፦ ይህን አትሜ ሳልፈርም ሰባተኛው ፖስታ መጣ። መስኮቱ ያው፣ ወረቀቱ ያው፤ ከአናቱ ላይ ግን ያቺ ዓረፍተ ነገር የለችም። አገላብጬ ፈለግኋት፣ የለችም። ከሥሩ ተቀዶ የሚመለስ ቁራጭ አለው፤ «በ30 ቀን ውስጥ» ይላል። ገንዘቡ 1,712 ዶላር ነው።