የወረደ ካርታ አይነሳም

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ካርታ የሚጫወት ሰው ሕግ አያጣም። ሕጉ ሞልቷል። የሚታወሰው ግን በተሸናፊ ብቻ ነው። እያሸነፈ ያለው "ኧረ ተዉት፣ ጨዋታ አይደል!" ይላል። የቡናው ሒሳብ ወደሱ ማዘንበል ሲጀምር ያው ሰውዬ አንቀጽ እየጠቀሰ ይከራከራል።

ከሁሉም የከበረው ድንጋጌያችን "የወረደ ካርታ አይነሳም" የሚለው ነው። ባለፈው አንድ ጡረታ የወጡ ጋሼ ካርታ ጣሉ። ቀጥሎ የተቀመጠው ልጅ ፊቱ ሲፈካ አዩና መልሰው አነሱት። "እጄን አዳልጦኝ ነው።" ሁላችንም በአንድ አፍ፣ "ይሁን ጋሼ፣ ምን ችግር አለው!" ትንሽ ቆይቶ አንድ የማራኪ ግቢ ተማሪ ያንኑ አደረገ። ጉድ ፈላ! "የወረደ ካርታ አይነሳም!" ከማንም በላይ የጮኹት ጋሼ ናቸው። "የዛሬ ልጅ ሥርዓት የለውም" የምትል ምርቃትም ጨመሩበት።

ካዚኖ ውስጥ ፖከር የሚባለውን የካርታ ቁማር የሚጫወቱት ይህችን ብልጠት ያውቋታል። እዚያ ትንሽ ገንዘብ ገፋ አድርጎ፣ የሌላውን ፊት ሰልሎ፣ ከዚያ ሌላ መጨመር ክልክል ነው። ፊልም ላይ የሌላውን ውርርድ "ተቀብያለሁ... ደግሞም ጨምሬያለሁ!" የሚለው ጀግና እውነተኛ ጠረጴዛ ላይ ጭማሪው ይመለስለታል። ተቀብያለሁ ካለ ተቀበለ፣ አለቀ። ጭቅጭቅ ከተነሳ ካርታ አዳዩ የአዳራሹን ኃላፊ ይጠራል። ኃላፊው አይጫወትም፤ ሰምቶ ይፈርዳል። እ.ኤ.አ. በ2001 የተቋቋመው የፖከር ውድድር ዳይሬክተሮች ማኅበር በመጀመሪያው ደንቡ ለጨዋታው ጥቅምና ለፍትሐዊነት ቅድሚያ ይሰጣል። አንዳንዴም ከደንቡ ፊደል ይልቅ ማመዛዘን እንደሚበልጥ ይናገራል። ማመዛዘኑን እኛም እናውቅበታለን። የምንመዝነው ሽበት ነው እንጂ።

እነሱ ጋ ደግሞ አንድ እጅ ላይ ያለውን ካርታ የሚጫወተው አንድ ሰው ብቻ ነው። ምክር የለም። እኛ ጋ ዋነኞቹ ተጫዋቾች የቆሙት ናቸው። አንዱ ከኋላህ ሆኖ "እሷንማ እንዳትጥላት!" ሲል እጅህ ላይ ያለውን አዘዞ ድረስ ይሰሙታል።

እኔ በበኩሌ ጀማሪ ሲሳሳት ጠጋ ብሎ ቀስ ብሎ መንገር ይሻላል ባይ ነኝ። ግን በሹክሹክታ ሕግ ያስከበረን ሰው ማን ያይለታል?

በመጨረሻ እኛም እንደ ካዚኖው ገለልተኛ ዳኛ ይኑረን ተባለ። ቡና የምታፈላልን እህታችን ተመረጠች። አትጫወትም፣ አትወራረድም፣ ለማንም አታደላም። የመጀመሪያው ክስ ቀረበላት። ግራ ቀኙን በጥሞና አዳመጠች። ጀበናዋን አነሳች።

"ምስክር ያለው ነገ ይዞ ይምጣ" አለች። "እስከዚያ ለማን ልድገም?"