ዘፈኑ ሳያልቅ ለሚደርስልን

ጠዋት ከአራት ኪሎ ወደ ሜክሲኮ በሚሄድ ታክሲ ተሳፍሮ የኪነ ጥበብ ታሪክ ያልተማረ ሰው ካለ ጥፋቱ የራሱ ነው። ሹፌሩ ሬዲዮኑን ይከፍታል፤ አቅራቢው ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ የመቶ ዓመት ሙዚቃና ሥነ ጽሑፍ በ15 ደቂቃ ተጠቅልሎ ይቀርባል። ወመዘክር ቤተ መጻሕፍት ሄዶ አቧራ መቃም ቀረ። ይህን ሁሉ ለሚያደርግልን ሰው እስካሁን ሐውልት ቀርቶ አንድ አደባባይ እንኳ አልተሰየመለትም።

እስቲ የሰዓት አጠቃቀሙን እዩለት። እንደምን አላችሁ፣ እንዴት ሰነበታችሁ፣ ሳምንቱስ እንዴት ነበር፦ 3 ደቂቃ። ቀለሙ፣ አፓርታማውና የጥርስ ክሊኒኩ፦ 4 ደቂቃ። ስልክ ቁጥሩ ሲነበብ፣ ሲደገም፣ አሁንም ላልያዛችሁት ሲባል፦ 2 ደቂቃ። «እንደሚታወቀው» ተብሎ የሚጀመረው፣ ስለሚታወቅም ብዙ የማይብራራው ዋናው ሐተታ፦ 5 ደቂቃ። የቀረችው አንዲት ደቂቃ የዘፈኑ ናት። የ45 ዙር ሸክላ በአንድ ገጹ 4 ደቂቃ ያህል ይይዝ ነበርና የዚያን ዘመን ድምፃዊ ዘፈኑን በዚያች ልክ ቆርጦ ይሰፋ ነበር። የዛሬው ልብስ ሰፊ ከእሱም ይበልጣል፤ ከ4 ደቂቃው እጅጌዋን ብቻ ያስቀርልናል።

በዘፈን ላይ ማውራትም ቀላል ሙያ እንዳይመስላችሁ። ጀማሪ በመሣሪያው መግቢያ ላይ ያወራና ድምፃዊው ሲገባ ዝም ይላል። ነባሩ ግን መግቢያውን በትዕግሥት ያሳልፋል፤ ድምፃዊው የመጀመሪያውን ስንኝ ሊጀምር ሲል «አዎ፣ ውድ አድማጮቻችን» ብሎ ይገባል። ግጥሙ ሰምና ወርቅ ከሆነ ደግሞ የሚሸፍነው ወርቁ ያለበትን መሥመር ነው። ሰሙ ምን አነሰን?

ለቁም ነገር ማጀቢያ የሚመርጠው በገናን ነው። የበገና ዐሥር አውታሮች ያን የሚታወቅ ንዝረት የሚያገኙት በአውታሩና በብርኩማው መካከል ከሚገባው ቁራጭ ቆዳ፣ ከእንዝራው ነው። ድምፁ ወፍራም ስለሆነ ከንግግር በታች ዝቅ ሲደረግ፣ በታክሲ ስፒከር በኩል ወፍራሙ ይቀርና እዝዝታው ብቻ ይተርፋል። ብሔራዊ ቴአትር ጋ መንገድ ተዘግቶ በቆመ ታክሲ ውስጥ አንዷ ተሳፋሪ መስኮት ከፍታ ዝንብ ብታባርር አይፈረድባትም።

የሙያው ቁንጮ ግን ዓመተ ምሕረቱ ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 20ዎቹ መጀመሪያ ከፈረንጁ ላይ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ይቀነሳል። መቀነስ የባንክ ሠራተኛ ሥራ ስለሆነ አቅራቢያችን አይነካውም። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ 1966። ቁጥሩ ከኢንተርኔት እንዳለ ተነሥቶ «በ1966 ዓ.ም. ታተመ» ሲባል መጽሐፉ አብዮቱ የፈነዳበት ዓመት ላይ ያርፋል። ሐዲስ ዓለማየሁ ሥርዓቱ በሁለት እግሩ ቆሞ ሳለ የጻፉትን፣ ሊወድቅ ሲንገዳገድ ጻፉት ማለት ነው። በ8 ዓመት ስሕተት ድፍረታቸው ተቀነሰ። ጥንቁቁ አቅራቢ ደግሞ 1958ን አግኝቶ፣ ፈረንጅኛ መስሎት 8 ይቀንስና 1950 ይለዋል። ሁለቱም ዓመቶች በአንድ ዝግጅት ውስጥ ከተጠቀሱ ሚዛናዊ ዘገባ ይባላል።

የሙዚቃ ባንዱ «አርባ ልጆች»ም ከዚህ አላመለጡም። ወላጆቻቸውን ያጡት የአርመን ልጆች ከኢየሩሳሌም ተነሥተው አዲስ አበባ የገቡት በ1916 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ያስመጧቸው ተፈሪ መኰንን ገና አልጋ ወራሽ ሳሉ ነው። 1924 ሳይቀነስ ሲነበብ ግን አልጋ ወራሹ ዘውድ ጭነው ዓመት ሊሞላቸው ሲል ወይም ሞልቷቸው ይደርሳሉ። የባንዱ መሪ ኬቮርክ ናልባንዲያን ለንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ መሥራቱ ደግሞ ሳይነሣ ይቀራል፤ ስሙ ለመጥራት ያስቸግራል።

ቅኝትንም አቅልሎልናል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ ብሎ አራት ስም መሸምደድ ድሮ ቀረ፤ ቀስ ያለው ሁሉ ትዝታ ነው፣ ፈጠን ያለው ሁሉ ባህላዊ።

የቀደሙት ግን ይህ ብልሃት አልገባቸውም ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ ያንኑ የሐዲስን መጽሐፍ በሬዲዮ ሲተርክ ምን አደረገ? መጽሐፉን አነበበው! ለፊታውራሪ መሸሻ አንድ ድምፅ፣ ለጉዱ ካሳ ሌላ ድምፅ እየሰጠ። ዛሬ መጽሐፉ «ድንቅ፣ ዘመን ተሻጋሪ፣ አንብቡት» ተብሎ በ40 ሰከንድ ይጠናቀቃል፤ ባለ አፓርታማውም ተራው ይደርሰዋል።

ግጥም የማን፣ ዜማ የማን፣ ቅንብር የማን የሚባለው ነገር ተረሳ እንዳትሉ፤ ለጥያቄና መልስ ነው የተቀመጠው። «የዚህ ዘፈን ዜማ ደራሲ ማን ነው? ቀድሞ ለመለሰ የሞባይል ካርድ።» አቅራቢው ራሱ ያላወቀውን በካርድ ዋጋ ያስመረምራል፤ ከዚህ የረከሰ የጥናት በጀት ከየት ይመጣል? ፒያሳ አካባቢ ያሉ አንድ አዛውንት ይደውላሉ። የደራሲውን ስም ይናገራሉ፤ ቀጥለው ማን እንዳቀናበረው፣ ሳክስፎኑን ማን እንደነፋው ሊያስረዱ ሲሉ፦

«በጣም እናመሰግናለን አባባ! ትክክል ነዎት። ምን ዘፈን እንጋብዝዎት?»

«ይህንኑ፣ ልጄ። እስከ መጨረሻው።»

«እሺ አባባ… ሰዓታችን አልቋል።»