እነዚህ ሁለት ልጆች መቼ ተፎካከሩ?

ይህን ብሶት ብዙ ጊዜ በሆዴ ይዤው ቆይቻለሁ፤ ዛሬ ግን ሳልናገረው አላድርም። በኮሪያ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የሚካሄዱ የፍቅር ድራማዎችን፣ በተለይም ሁለት ወንዶች ልጆች በተፎካካሪነት ጀምረው በፍቅር የሚጨርሱባቸውን፣ ከልቤ እከታተላለሁ፤ የሚያበሳጩኝም ስለምወዳቸው ነው። ፖስተሩ ላይ ሁለቱ ልጆች የደንብ ልብሳቸውን ለብሰው ጀርባ ለጀርባ ይቆማሉ። አንዱ ሁልጊዜ ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣ፣ ሌላው ደግሞ ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውሮ የመጣና ያንን ቦታ ሊነጥቀው የሚችል ተማሪ እንደሆነ ይነገረናል። የመጀመሪያው ኤፒሶድ በመገላመጥ፣ በመሽሟጠጥ፣ አንዳንዴም በቡጢ ይጀምራል። ሦስተኛው ኤፒሶድ ላይ ስንደርስ ግን ዝናብ ይዘንባል፣ ሁለቱ በአንድ ጃንጥላ ሥር ይጠለላሉ፣ ከዚያ ወዲያ ፉክክር የሚባለው ነገር የውሃ ሽታ ሆኖ ይቀራል።

ቅሬታዬ ቶሎ ተዋደዱ የሚል አይደለም። ሰው በአንድ ቀንም ሊዋደድ ይችላል። እኔን የሚያንገበግበኝ አብዛኞቹ ጸሐፊዎች ፉክክርን እንደ አለመግባባት መቁጠራቸው ነው። አንደኛው ሌላውን ኩሩ ነው ብሎ አስቦ ነበር፣ ሌላው ደግሞ የተናቀ መስሎት ነበር፤ ከዚያም አንድ ምሽት ሌሊቱን ሙሉ ክፍት በሚሆነው ሱቅ ደጃፍ ተቀምጠው ራምዮን የሚባለውን ፈጣን ኑድል ሲበሉ ሁሉም ነገር ይገለጥና ጠቡ ያበቃል። አለመግባባት በእርግጥ በአንድ ጥሩ ጨዋታ ሊፈታ ይችላል። ፉክክር ግን እንዲህ አይፈታም። ሁለት ሰዎች በሚገባ ተግባብተው፣ ተከባብረውና ተዋድደው እንኳ የሚፈልጉት ነገር አንድ ብቻ ከሆነ፣ ያ ነገርም ለሁለት የማይከፈል ከሆነ፣ በማግስቱም ተፎካካሪዎች ናቸው። የዚህ ዓይነቱ ታሪክ ጣዕሙ ያለው እዚህ ላይ ነበር፤ እነሱ ግን ጣዕሙን አውጥተው ጥለው ቅርፊቱን ያቀርቡልናል።

ይህን ስል ጸሐፊዎቹ የሌለ ነገር እንዲፈጥሩ እየጠየቅኩ አይደለም። የደቡብ ኮሪያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ራሱ ፉክክሩን አዘጋጅቶ ያስረክባቸዋል። ለብዙ ዓመታት በሠራው የዘጠኝ እርከን የውጤት አሰጣጥ መሠረት በአንድ የትምህርት ዓይነት የመጀመሪያውን እርከን የሚያገኙት ከላይ ያሉት 4 በመቶ ተማሪዎች ብቻ ናቸው፤ እስከ 11 በመቶ ያሉት ሁለተኛውን፣ እስከ 23 በመቶ ያሉት ሦስተኛውን ይይዛሉ። ስለዚህ ትምህርቱን 100 ተማሪዎች ከወሰዱት የመጀመሪያው እርከን የ4 ልጆች ነው፤ አምስተኛው ልጅ የቱንም ያህል ጥሩ ነጥብ ቢያመጣ፣ ከእሱ በላይ አራት ሰዎች እስካሉ ድረስ፣ ሁለተኛ እርከን ነው። 25 ተማሪዎች ብቻ በሚወስዱት ትምህርት ደግሞ ያ እርከን የአንድ ልጅ ብቻ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2025 ሁለተኛ ደረጃ ከገቡት ተማሪዎች ጀምሮ እርከኖቹ ወደ አምስት ዝቅ ብለዋል፣ የመጀመሪያውም ወደ 10 በመቶ ሰፍቷል፤ ቢሆንም የአንዱ ከፍ ማለት የሌላው ዝቅ ማለት መሆኑ አልቀረም። ይህ ሁሉ ኔሺን በሚባለው የትምህርት ቤት ውጤት ውስጥ ይገባል፤ ልጁ በአገሪቱ ስመ ጥር የሆኑትን የሴኡል ብሔራዊ፣ የኮርያ ወይም የዮንሴ ዩኒቨርሲቲን በር ሲያንኳኳም ይህ ውጤት አብሮት ይሄዳል። ደረጃው ግድግዳ ላይ ቢለጠፍም ባይለጠፍም እያንዳንዱ ልጅ ከማን በላይና ከማን በታች እንደሆነ ያውቃል።

እንግዲህ በዚህ ቦታ ላይ አንደኛና ሁለተኛ የሚወጡ ሁለት ልጆችን አስቀምጡና ተዋደዱ በሏቸው። አንዱ ታሞ ሦስት ቀን ከትምህርት ቤት ቀረ እንበል። ሌላው የሒሳብ ማስታወሻውን ይዞለት ይሄዳል። በምናያቸው ድራማዎች ይህ ትዕይንት በለሰለሰ ሙዚቃ ታጅቦ በአንድ ደቂቃ ያልፋል፤ ደብተሩ የመጣው ጣቶቻቸው እንዲነካኩ ብቻ ነው። እኔ ግን ያ ልጅ ደብተሩን ከቦርሳው ከማውጣቱ በፊት በሩ ላይ ቆሞ ምን እንዳሰበ ማወቅ እፈልጋለሁ። የያዘው የገዛ ቦታው ነው። ሌላው ልጅ ይህን አንብቦ በአንድ ጥያቄ ቢበልጠው እርከኑን ያጣል፤ እናቱ ለማስጠኛ የከፈለችው ገንዘብ፣ አባቱ በዘመድ ፊት የተናገረው ቃል፣ እሱ ራሱ ያልተኛባቸው ሌሊቶች ሁሉ በዚያ ደብተር ውስጥ አሉ። ደብተሩን ከሰጠው በኋላ ደግሞ ፈተናው ይመጣል፤ በእርግጥም ይበለጣል እንበል። ያን ጊዜ ምን ይሰማዋል? ደስ ይለዋል ወይስ ይቆጨዋል? ሁለቱም በአንድ ጊዜ ከተሰሙት ከዚያ ልጅ ጋር በማግስቱ እንዴት አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል? የበለጠውስ ልጅ ውጤቱን እያየ በሰው ደብተር አለፍኩ ብሎ ያፍራል ወይስ በልፋቴ ነው ብሎ ደረቱን ይነፋል? ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱ ብቻ ለአንድ ሙሉ ኤፒሶድ ይበቃ ነበር።

የሚገርመው ደግሞ በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የሚያጠና ሰው አለመኖሩ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ለመተያያ፣ ጣሪያው ፍቅርን ለመናዘዣ፣ የሕክምና ክፍሉ ቁስል ለማሰሪያ ብቻ ያገለግላል። የእውነቱ ልጅ ግን ከትምህርት ቤት ወጥቶ ሃግዎን ወደሚባለው የግል ማስጠኛ ይሄዳል፤ በጋንግናም ውስጥ የሚገኘው ዴቺ ዶንግ የተባለው ሰፈር በእነዚህ ማስጠኛዎች የታወቀ ነው። በሴኡል ማስጠኛዎቹ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ እንዳያስተምሩ በከተማዋ ደንብ ስለተከለከለ በዚያ ሰዓት ልጆቹ በአንድ ጊዜ ወደ ጎዳናው ይፈስሳሉ። ሁለት ተፎካካሪዎች ያለ መምህርና ያለ ወላጅ አብረው የሚሆኑበት ጊዜ ቢኖር ከማስጠኛው በር እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ያለው መንገድ ነው። ፍቅር በዚያ አጭር መንገድ ላይ፣ በድካምና በእንቅልፍ መካከል፣ ዛሬ ስንት አመጣህ በሚል ጥያቄ ሊጀመር ይችል ነበር። እኛ የምናየው ግን በጠራራ ፀሐይ በባዶ የስፖርት ሜዳ የሚንሸራሸሩና ምንም ሥራ የሌላቸው ልጆችን ነው።

በኅዳር ወር አካባቢ በሐሙስ ቀን የሚሰጠው ሱኑንግ የተባለው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናም እንዲሁ ይባክናል። በዚያ ቀን ፖሊስ የዘገዩ ተማሪዎችን በመኪና ያደርሳል፣ የአክሲዮን ገበያው አንድ ሰዓት ዘግይቶ ይከፈታል፣ የእንግሊዝኛ ማዳመጥ ፈተና ሲሰጥ አውሮፕላኖች አይነሱም፣ አያርፉምም። አንድ አገር በሙሉ ለልጆቹ ፈተና ትንፋሹን ውጦ የሚቆምበትን ቀን ይዞ ሁለት ተፎካካሪ ፍቅረኞችን በአንድ የፈተና ጣቢያ ማስቀመጥ የማይችል ጸሐፊ ምን ሊጽፍ እንደመጣ አይገባኝም። በአብዛኛው ፈተናው ከመድረሱ በፊት ከአንድ ዓመት በኋላ የሚል ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ይወጣና ሁለቱ ልጆች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆነው ሲሳሳቁ እናያለን።

ስለ ቡጢውም አንድ ነገር ልበል። በኮሪያ የትምህርት ቤት ጥቃት በሕግ የሚታይ ነገር ነው፤ ጉዳዩ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ የተላለፈው ውሳኔ በተማሪው መዝገብ ላይ ሊሰፍር ይችላል፤ እ.ኤ.አ. ከ2026 የትምህርት ዘመን ቅበላ ጀምሮ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን መዝገብ በሁሉም የመግቢያ መንገዶች እንዲያዩ ተደርጓል። አንደኛ ለመውጣት ሌሊት ከቀን የሚለፋ ልጅ በመጀመሪያው ኤፒሶድ ተፎካካሪውን በቡጢ ሲመታ የወደፊት ሕይወቱን አብሮ እየመታ ነው። ድራማው ግን ከንፈሩ ላይ ትንሽ ደም ቀብቶ፣ ማታ ፕላስተር አስለጥፎ ያልፈዋል።

ከሁሉ በላይ አንጀቴን የሚያሳርረኝ ግን የምስጢሩ ጉዳይ ነው። በኮሪያ ለሁሉም የሚሠራ አጠቃላይ የፀረ መድልዎ ሕግ እስካሁን አልጸደቀም። የሴኡል ከተማ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው የተማሪዎች መብት ድንጋጌ ተማሪዎች በወሲባዊ ዝንባሌያቸው ምክንያት መድልዎ እንዳይደርስባቸው ይከለክል ነበር፤ በሚያዝያ 2024 የከተማዋ ምክር ቤት ድንጋጌው እንዲሻር ድምፅ ሰጠ። ስለዚህ ወንድ ልጅ ወንድ መውደዱ በመማሪያ ክፍል ውስጥ ቢታወቅ ዋጋ ሊያስከፍለው ይችላል። አሁን ይህን ከፉክክሩ ጋር አያይዙት። አንዱ ልጅ የሌላውን ምስጢር በአጋጣሚ አወቀ። በእጁ ላይ ተፎካካሪውን ከነበረበት ቦታ የሚያወርድ መሣሪያ ገባ ማለት ነው፤ ለማንም አንድ ቃል ሹክ ቢል ይበቃዋል። ፈተናው እየቀረበ፣ ውጤቱ እየወረደ፣ ቤት ውስጥ ያለው ግፊት እየበረታ፣ ያንን ቃል ሳይናገር ይቀራል። ፍቅር ከዚህ በላይ በምን ሊታይ ይችላል? ከመቶ መሳም ይልቅ ያ ዝምታ ይበልጥብኝ ነበር። በምናያቸው ታሪኮች ግን አብዛኛውን ጊዜ መላው ትምህርት ቤት በዓይኑ እያየ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው በኮሪደር ያልፋሉ፣ የሚገላምጣቸውም የለም። እንዲህ ያለ ዓለም ማየት የሚናፍቀው ሰው እንዳለ አውቃለሁ፣ ናፍቆቱንም አከብራለሁ። ሆኖም ምንም አደጋ በሌለበት ዓለም ውስጥ ሁለቱ ልጆች አንዱ ሌላውን መጠበቅ የሚችሉበት አጋጣሚ አይኖርም።

ደግሞ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ኤፒሶድ የሚመጣው ያ የልጅነት ትዝታ አለ። ተፎካካሪ የተባለው ልጅ ለካ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲወደው ኖሯል፤ ወደዚህ ትምህርት ቤት የተዛወረውም እሱን ፍለጋ ነው፤ ያ ሁሉ ማሽሟጠጥ ትኩረቱን ለመሳብ የተደረገ ነው። ይህን ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ይህ ማለት እኮ እስካሁን ያየነው በሙሉ ውሸት ነበር ማለት ነው። ሊበልጠው ፈልጎ አያውቅም፣ ጠልቶት አያውቅም፣ ስለዚህም አልተለወጠም። ከጠላትነት ወደ ፍቅር የሄደ አንድም ሰው የለም፤ አንደኛው ቀድሞ እዚያ ተቀምጦ ሲጠብቅ ነበር።

ይህን ስናገር ሁልጊዜ የሚሰጠኝ መልስ ጊዜው አጭር ነው የሚል ነው። እውነት ነው፣ የተለመደው የኮሪያ ድራማ አንድ ሰዓት ገደማ የሚፈጁ 16 ኤፒሶዶች ሲኖሩት እነዚህ ብዙውን ጊዜ 8 ወይም 10 ኤፒሶድ ብቻ ናቸው፤ አንዳንዶቹም ከሩብ ሰዓት አይበልጡም። ትላልቆቹ ጣቢያዎች ለእንዲህ ዓይነቱ ፍቅር ዋና ሰዓታቸውን ስለማይሰጡት በትንሽ በጀት ለኢንተርኔት ይሠራሉ። ይህ የአዘጋጆቹ ጥፋት እንዳልሆነ ይገባኛል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2022 ዋቻ በተባለው የኮሪያ የኢንተርኔት ቪዲዮ መድረክ የወጣው ሴማንቲክ ኤረር የተባለው ድራማም 8 ኤፒሶድ ብቻ ነበር። ታሪኩ የዩኒቨርሲቲ ነው፤ ቢሆንም ጠቡ ምክንያት አለው። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪው በቡድን ሥራ ላይ ያልተሳተፉትን ልጆች ስም ከዝርዝሩ ያወጣል፣ በዚህም ምክንያት የዲዛይን ተማሪው ሳይመረቅ ይቀራል። ማንም ማንንም በስህተት አልተረዳም፤ አንዱ ደንቡን ጠበቀ፣ ሌላው ምርቃቱን አጣ። ተበዳዩ በቀሉን የሚወጣውም ያ ሥርዓት ወዳድ ልጅ የሚጠላውን ቀይ ልብስ ለብሶ በየሄደበት እየተከተለ ነው። ስለዚህ አጭር ጊዜ ለሁሉም ነገር ምክንያት ሆኖ አይቀርብም፤ ያንኑ ጊዜ የያዘ ሌላ ሰው ጠቡን ከሥሩ ተክሎ አሳይቷል።

ለመዝናኛ የተሠራ ነገር ላይ ይህን ያህል መቆጣት ምን ይባላል የሚሉኝም አሉ። እኔ ግን አንድ ሥራ ለመዝናኛ ስለሆነ ብቻ ግማሽ ሥራ መሆን አለበት ብዬ አላምንም። ተዋንያኑ ብዙውን ጊዜ ወጣቶች ናቸው፤ ጥቂት የማይባሉትም ከዘፈን ቡድን የመጡና ይህን ሚና በመቀበላቸው ብቻ ብዙ የተነገረባቸው ናቸው። በዓይናቸው የሚሠሩትን አይቻለሁ። የመጀመሪያው ኤፒሶድ ላይ ሲገላመጡ ቁጭቱም፣ አድናቆቱም፣ ፍርሃቱም ፊታቸው ላይ ይነበባል፤ ስክሪፕቱ ነው ጥሎአቸው የሚሄደው። በታሪኩ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ልጆች ከሁለተኛ ደረጃ ከወጡ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ሁለቱም ለግዴታ ውትድርና መጠራታቸው አይቀርም፤ የሠራዊቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ በወታደሮች መካከል የሚደረግ የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን እስከ ሁለት ዓመት በሚደርስ እስራት የሚቀጣ አንቀጽ አለው። ማን ቀድሞ ይሄዳል፣ ማንስ ይጠብቃል የሚለው ራሱ ሌላ ታሪክ ነበር።

ወደፊትም እነዚህን ድራማዎች መከታተሌን አልተውም። ነገር ግን ከተፎካካሪነት ወደ ፍቅር የሚል ፖስተር ለምታወጡ ሁሉ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፤ ሁለቱ ልጆች የሚፎካከሩበትን ነገር በመጀመሪያው ኤፒሶድ በግልጽ ንገሩን፣ ከተሳሳሙም በኋላ ያንን ነገር ከእጃቸው አትውሰዱባቸው፤ በመጨረሻም ማን እንዳገኘው፣ ያጣውም በማግስቱ ምን እንዳለው አሳዩን።